የተያዘ ንጋት

ኖላዊ ሲነቃ ግድግዳው ቀይ ነበር። ይህ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በሆድ ቤቶች ውስጥ ንጋት የሚጀምረው በቀይ ነው። ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ፤ ውኃ ጣደ፤ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ አሞቀ። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ግድግዳው አሁንም ቀይ ነበር። ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ከቃሊቲ ማዶ በተተከሉት ሕንፃዎች መስኮት ያላቸው ክፍሎች ዙሪያውን ያሉት ብቻ ናቸው። ወደ ውስጥ ያሉት፣ ብዙው ሰው የሚኖርባቸው፣ ፀሐይ አያገኛቸውም። ሰው ሆድ ቤት ይላቸዋል። ብርሃናቸው ከግድግዳው ይመጣል። በግድግዳው ቀለም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍሬዎች ተበትነዋል፤ ከጀርባቸው ጨረር ሲያገኛቸው ይነቃሉ። ትልልቆቹ ቀይ ያበራሉ፤ እነሱን ለመቀስቀስ ጥቂት ጉልበት ይበቃል። ትንንሾቹ ሰማያዊ ያበራሉ፤ እነዚህ ግን ሐምራዊው ጨረር ካልመጣ አይነሡም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ክፍሉ መጀመሪያ ይቀላል፤ ቢጫው ይከተላል፤ አረንጓዴው ይጨመራል፤ በመጨረሻ ሰማያዊው ሲደርስ ሁሉም ተቀላቅሎ ነጭ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው ነጋ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ቀዩ በሰዓቱ ሳይነጣ ከቀረ ግን ትርጉሙ አንድ ነው።

መርዶ በጠዋት ይነገራል። ሰው ከአልጋው ሳይርቅ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል፤ ይህ ልማድ ከሕንፃዎቹ በፊት የነበረ ነው። በሆድ ቤት ግን ጠዋት የሚባለው ግድግዳው ጠዋት ያለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሽማግሌዎች አሳንሰር ሲጠብቁ ይረፍድባቸውና ሰውየው በነጭ ብርሃን ቦርሳውን አንግቶ ሊወጣ ሲል ይደርሱ ነበር። እናቴን በቀትር ተረዳሁ ብለው ዕድሜ ልካቸውን የተቀየሙ አሉ። እድሮቹ ከሕንፃዎቹ አስተዳደር ጋር ተነጋገሩና መላ ተገኘ። መርዶ ያለበት ክፍል በእድሩ ዳኛ ትእዛዝ ቀዩን ከሚቀሰቅሰው በቀር ጨረሩ ሁሉ፣ ሐምራዊውም፣ ይዘጋበታል፤ ሽማግሌዎቹ እስኪደርሱ ድረስ በቀይ ይቆያል። ቀይ መያዝ ይባላል። ከረፈደ በኋላ በበር ስር ቀይ ያየ ጎረቤት ሥራውን ትቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣል። አያንኳኳም። ሽማግሌ ይጠብቃል።

በዚህ ሕንፃ ቀይ የሚይዘው ኖላዊ ነበር።

የቅጥር ስሙ የብርሃን ቴክኒሻን ነው። ቀኑን የሚያሳልፈው የሰው ግድግዳ በማጉያ እያየ፣ የደከመውን ፍሬ እየፋቀና አዲስ እየቀባ ነው። ሰው ግን የሚያውቀው በዚያኛው ሥራው ነው። አሳንሰር ውስጥ ሲገባ ወሬ ይቆማል፤ የሚወርድበትን ፎቅ ሲጫን ሁሉም ጣቱን ያያል። ስልክ ቢደውል አይነሣለትም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ነገሩ ቀልድ ነበረው፤ "የኔ ባል ካስነጠሰ ሰፈሩ ነጠላ ያዘቀዝቃል" ትል ነበር። ከሞተች ወዲህ ቀልዱን የሚናገረው የለም።

ልጅ አለችው። ሐሴት ሰመራ ካሉት የፀሐይ ማሳዎች በአንዱ በፈረቃ ትሠራለች፤ ከመስታወቶቹ ላይ አሸዋ የሚያራግፉትን ማሽኖች ትቆጣጠራለች። ትንሽ ሳለች እቃ መያዣውን ተሸክማ አብራው ትዞር ነበር። አንድ ቀን ግድግዳ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ፍሬው ለምን እንደሚያበራ ጠየቀችው።

"ውስጡ ኤሌክትሮን የሚባል አለ" አላት። "ጨረር ሲነካው ከቦታው ይነሣል። ሲነሣ ቦታው ይጎድላል። ጎዶሎው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ራሱን እንደቻለ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ የሄደውን ይስበዋል። ተሳስበው አንዱ ሌላውን ይዞራል።"

"አይጠፋፉም?"

"ፍሬው ጠባብ ነው፤ የት ይሄዳሉ? ሲገናኙ ጎዶሎው ይሞላል፤ የያዙት ጉልበት ብርሃን ሆኖ ይወጣል። መሐንዲሶቹ ኤክሲቶን ይሉታል፤ እኛ ጥንድ ነው የምንለው።"

"ባይገናኙስ?"

"አንዳንዴ የሄደው ፍሬው ጠርዝ ላይ ይያዛል። ያኔ ፍሬው ይጨልማል።"

"ይሞታል?"

"አይሞትም። ጠርዙ ከለቀቀው ይመለሳል።"

"መቼ?"

"እሱ አይታወቅም። እንዲያውም ጨልሞ በቆየ ቁጥር ገና የሚቆየው ይረዝማል።"

ሐሴት ይህን ሰምታ ማጉያውን ለረጅም ጊዜ ከዓይኗ አላነሣችም ነበር።

አሁን የምትደውለው እሑድ እሑድ ነው። የሱ ስልክ ሰው ስለሚያስደነግጥ የተስማሙት እሷ እንድትደውል ነው። ያለፈው እሑድ አልደወለችም። በምድር ላይ የቀረው ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ኖላዊ ሊረዳው የሚችለው መርዶ አንድ ብቻ ነው።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ለሱ ለራሱ ቀይ የሚይዝ ቢኖር የአጠገቡ ሕንፃ ቴክኒሻን ሮቤል ነው። ደወለለት። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ቀይ የያዘ ሰው ከዚያ ክፍል የመጣ ስልክ አያነሣም፤ ድምፁ ያሳብቅበታልና። ይህን ደንብ ሮቤልን ያስተማረው ኖላዊ ራሱ ነበር። ሮቤል አዳር ሠርቶ ተኝቶም ሊሆን ይችላል፤ ኖላዊ ይህንን አሰበው፣ ግን አላመነውም።

የሐሴትን ስም አወጣና ጣቱን ከላዩ አደረገ። ባታነሣ ራሱን በራሱ አረዳ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢያነሣ ደግሞ የባሰ። ስልኩን ገልብጦ አልጋው ላይ አኖረው።

ማጉያው በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ጊዜ ግድግዳውን ቢያይ ብልሽት ይሁን መርዶ ይለያል። አየው፤ አላወረደውም። ባላየ ቁጥር ልጁ ትኖራለች።

ከበሩ ውጭ እርምጃ ተሰማ፤ ቆመ። ከዚያ ጫማ ሲወልቅ ተሰማ።

ኖላዊ ያንን ድምፅ ያውቀዋል። በሌላ ሰው በር፣ ከኮሪደሩ ወገን ሆኖ፣ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል። ከውስጥ ሲሰሙት እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር። ሌላ ጫማ ወለቀ፤ ሌላም። አንድ ሰው ሳል አፈነ።

"ወይኔ፣ የኖላዊ ቤት ነው" አለች ሴት በሹክሹክታ። ከፊት ለፊት ያለችው እትዬ ሶልያና ናት፤ ጎረቤቱ ሆና በሰላምታ እንኳ ከሩቅ የምታልፈው።

"ቀስ በይ፣ ይሰማል።"

"ማን አለውና?"

"ልጅ አለችው አሉ።"

"ያቺ ቀጭኗ? መቼ ሄደች ደግሞ?"

"እኔ እንኳ ዘመድ የሌለው ነበር የሚመስለኝ" አለ ያፌት የሚባለው የታችኛው ፎቅ ሹፌር። "የሰውን ሁሉ ሲያይ የኖረ ሰው፣ የሱ ተራ የማይደርስ ይመስለኝ ነበር።"

"ዝም በል፣ ያፌት!"

"ምን አልኩ?"

ኖላዊ እስከዚህ ድረስ ጥቂት ተስፋ ነበረው። ግድግዳ ይበላሻል። ሰው ግን ያለ ነገር ሥራውን ትቶ ኮሪደር ላይ አይቀመጥም። ሰዎቹ የተቀመጡት በሩ ስር ቀይ ስላዩ ብቻ መሆኑን ሊያስበው አልቻለም። እነሱም በሩ ሳይከፈት መቆየቱን ለቀዩ ማረጋገጫ አደረጉት።

አሳንሰሩ ተከፈተ። የከባድ ሰው እርምጃ መጣ፤ የእድሩ ዳኛ አቶ ባስልኤል ነው።

"ማነው የሞተው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አንተ አይደለህ የምታውቅ!"

"እኔ ትእዛዝ አልላክሁም።"

"ታዲያ ማን ያዘው?"

"ከሰመራ ይሆናል" አለ አቶ ባስልኤል። "የልጅቷ እድር በቀጥታ ለሮቤል ልኮት ይሆናል። ለሮቤል ደውዬለት ነበር፣ አያነሣም።"

"እንግዲህ ሳናውቅ ምን ብለን እንገባለን?"

"እንጠብቅ። የሚያውቅ ይመጣል።"

ከሁሉም ቃል ኖላዊ ጆሮ የገባው ሰመራ የሚለው ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መሬቱን አየ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላወቀም። ከውጭ የተቀቀለ ስንዴ ሽታ ገባ። ንፍሮ ጥደዋል። ሽታው አንድ ነገር አስታወሰው፤ ሽማግሌ ሲገባ ሰው ያለ ነጠላ አይገኝም። ተነሥቶ ከሚስቱ ሣጥን ታጥቦ የተቀመጠውን ነጠላ አወጣ። አዘቅዝቆ ትከሻው ላይ ጣለው።

ነጠላው ፈካ።

ትንሽ ነው፤ ጥለቱ አጠገብ ብቻ፣ ልክ ወተት ላይ ሰማያዊ ጠብ እንዳለበት። ኖላዊ ክንዱን አነሣና ወደ ግድግዳው አስጠጋው። የበለጠ ፈካ። በሳሙና የታጠበ ነጭ ጨርቅ ሐምራዊ ጨረር ካገኘው እንዲህ ይፈካል። ቀይ በተያዘባቸው ክፍሎች ስንት ነጠላ አይቷል፤ በዚያ ብርሃን ሁሉም የሸክላ አፈር ይመስላል። ሐምራዊው የተዘጋ ነውና አንዱም አይፈካም። እዚህ ግን ሐምራዊው አለ። ማንም አልዘጋውም።

ማጉያውን ከምስማሩ አውርዶ ግድግዳው ላይ ተደፋ። ትልልቆቹ ፍሬዎች እንደ ፍም ይነዳሉ። በመካከላቸው ያሉት፣ ከእነሱ የሚያንሱት ሁሉ ጨልመዋል፤ አልፎ አልፎ አንዱ ብልጭ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። ጨረሩ ይደርሳቸዋል፤ የሄደው ግን ጠርዝ ላይ ተይዞ ቀርቷል። ጠርዛቸውን የሚሸፍነው ልባስ ሳስቷል፤ የማብሰያው እንፋሎት በልቶታል። የራሱን ክፍል አዲስ ቀለም ሳይቀባ ስንት ዓመት እንዳለፈው ማሰብ አላስፈለገውም። ሁልጊዜ የሌላ ሰው ክፍል ይቀድም ነበር።

ግድግዳው ተበላሽቷል። ሐሴት አልሞተችም።

ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አለቀሰ፤ ድምፁን ለመያዝ አላሰበም።

"ተረዳ!" አለ አንድ ሰው ከውጭ። "ስልክ ነግሮት ነው! በስልክ ተረዳ!"

ወዲያው ኮሪደሩ በልቅሶ ሞላ። እትዬ ሶልያና በማታውቀው የልጅቷ ስም ምትክ "ያቺ ቀጭኗ!" እያለች ታለቅሳለች። ወንዶቹ በወፍራም ድምፅ "ወንድሜን! ወንድሜን!" ይላሉ። ኖላዊ በሩ ጋ ደርሶ መቀርቀሪያውን ያዘ። ከውስጥ ቆሞ ለሱ ሲለቀስ ሰማ። ሚስቱ ስትሞት ሰው መጥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሐዘኑ ጆሮውን ደፍኖት ምንም አልሰማም። አሁን ልጁ በሕይወት አለች፤ ልቅሶውም ለሱ ነው፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ ይሰማል። መቀርቀሪያውን ለመሳብ አንድ አፍታ ይበቃል። እሱ ከዚያ በላይ ቆየ።

ከዚያ ከፈተ።

እትዬ ሶልያና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "አይዞህ የኔ ወንድም፣ አይዞህ!"

"እትዬ፣ ማንም አልሞተም።"

"አዎ፣ መጀመሪያ ሰው አያምንም። እኔም በባሌ ጊዜ እንዲህ ነበር ያልኩት።"

"ግድግዳው ነው የተበላሸው።"

"አዎ፣ አዎ፣ የኔ ጌታ።"

ማጉያውን ለአቶ ባስልኤል ሰጠው፤ የነጠላውን ጥለት ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አሳየ። ያልገባቸው ከኋላ ሆነው "ምን ተባለ? ማን ነች?" ይላሉ። መጀመሪያ የሳቀው ያፌት ነው።

"የስንቱን ንጋት ሲይዝ ኖሮ የራሱ ያዘው!"

"ምን ያስቃል?" አለ አቶ ባስልኤል ተቆጥቶ። "ሰው ከሥራው ቀርቷል እኮ።"

እትዬ ሶልያና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ በርህን ዘግተህ ምን ትሠራ ነበር?"

"እናንተን እሰማ ነበር።"

"እኛ ደግሞ አንተን ነበር የምንሰማው" አለችና የመጣባትን ሳቅ ዋጠችው። "ንፍሮውስ? ስንዴና ሽምብራ ደባልቄ ቀቅያለሁ። የለቅሶ ንፍሮ ወደ ቤት አይመለስም፣ ደግ አይደለም።"

ስለዚህ በሉት። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ግማሹ በቀዩ ብርሃን ውስጥ፣ ግማሹ በኮሪደሩ ነጭ ብርሃን ውስጥ ቆሞ በላ። ያፌት ስለ አሳንሰሩ ቀለደ፤ አንድ ሰው የሐሴትን ዕድሜ ጠየቀ። ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ንፍሮው ሳያልቅ ጫማቸውን እየፈለጉ መውጣት ጀመሩ። አንዷ ከበሩ ስትወጣ በልማድ "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለችውና አፏን ያዘች። ከዚያ ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። የቀረው የእትዬ ሶልያና ሳህን ነው፤ ከሥሩ ጥቂት ንፍሮ አለ።

ስልኩን ከአልጋው አንሥቶ ሐሴት ጋ ደወለ። ወዲያው አነሣችው።

"አባዬ። ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"



"እኔ ብቻዬን ነኝ" አለች። "ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም ያልከኝ አንተ ነህ። ስለዚህ እውነትም የሞተ የለም ማለት ነው። አይደል?"

"የለም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን ደወልክ?"

"እሑድ አልደወልሽም።"

"ፈረቃዬ ተቀየረ፤ ረሳሁ። አፍህ ውስጥ ምን አለ?"

"ንፍሮ።"

"የምን ንፍሮ? የማን?"

"ያንቺ" አለና ነገሩን ከመጀመሪያው ነገራት። ነጠላው ጋ ሲደርስ ሳቀች። የልጅነት ሳቋ ነበር፤ እስኪያልቅ ጠበቃት።

"ስንት ሰው መጣ?"

"ኮሪደሩ ሞልቶ ነበር።"

"ለኔ?"

"ላንቺም ለኔም።"

"እዚህ ቀይ የሚይዝ የለም፣ አባዬ" አለች። "በፈረቃ ስለምንሠራ ካምፑ ሌሊቱንም ቀኑንም ነጭ ነው። አንዳንዴ ከሥራ ገብቼ ስተኛ፣ የአባዬ መርዶ ቢመጣ በምን አውቃለሁ እላለሁ።"

ኖላዊ ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮው አስጠጋ።

"ካልደወልኩ አንተ ደውል" አለችው።

"ትደነግጫለሽ።"

"ልደንግጥ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቀለሙንና መፋቂያውን አወጣ፤ ተመልሶ አስቀመጣቸው። ነገ ይደርሳል። ቀኑን በቀይ ዋለ። ሲመሽ በየሆድ ቤቱ ነጩ እየደከመ ሄደ፤ ሰማያዊው ጠፋ፣ አረንጓዴው ተከተለ፣ በሕንፃው ያለው ክፍል ሁሉ እንደ ወትሮው የምሽቱን ቀይ ለበሰ። የእሱ ብቻ ምንም አልተለወጠም፤ ሌሎቹ መጥተው እሱን መሰሉ።

ሳህኑን አጠበ። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ያለውን ቆሎ ሞላበት። ኮሪደሩን ተሻግሮ እትዬ ሶልያና በር ላይ ቆመ። በበሩ ስር ቀይ ይታያል። እጁን ለማንኳኳት አነሣ፤ የሱ ማንኳኳት ከውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ዛሬ ያውቃል። እጁን አወረደ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለ በበሩ ስንጥቅ። "ሳህን ነው። ሌላ አይደለም።"

ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ወደ በሩ መጣ፤ ከበሩ ወዲያ ቆመ። ኖላዊ ቆሎው እንዳይፈስ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ።